ሐይቅ ዳር ያለውን ደን የጨረሰው ማን ነው?

የሐይቅ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ያደግኩት ወሎ፣ «ሐይቅ» ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ነው። ከቤታችን በላይ ያለው ዳገት ክትክታ የሚባለው ቁጥቋጦ ብቻ ነው። ከብት አይቀምሰውም፤ እናቴ ግን እርጥቡም ስለሚነድላት ትወደዋለች። ትምህርት ቤት «ከመቶ ዓመት በፊት የአገራችን 40 በመቶ ደን ነበር» እየተባልን ነው ያደግነው። አያቴ ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ፤ «እኔ ስወለድም ክትክታ ነበር!» ይላሉ። ማን ነው ልክ?

ባለጥዱ፦
ሽማግሌ ያጋንናል ወንድሜ። አክሱምም እኮ የወደቀችው ዛፉን ለከሰል ጨርሳ፣ አፈሯ ታጥቦ ነው።

ጭቃ ወዳድ፦
ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ይህ ነገር ሁሌ ያናድደኛል። አያትህ እንዲያውም አሳንሰውታል። ከሐይቅና ከጎረቤቱ ከሃርድቦ ሐይቅ ሥር ጭቃ በቧንቧ አውጥተው፣ በየንብርብሩ የተቀበረውን የአበባ ብናኝ የቆጠሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ ብናኙ በየዘመኑ ምን ዛፍ እንደነበረ ይናገራል። ከታች፣ በጥንቱ ንብርብር፣ ዝግባና ጥድ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ገደማ ላይ ያ ደን ይጠፋና ማን ይመጣል? የእናትህ ክትክታ! ከሣር ጋር ሆኖ 1800 ዓመት ያህል ቆየ። ያኔ መጥረቢያና ከብት ይዞ የወጣው ገበሬ ነው እንግዲህ።

ደስ የሚለኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ጥዱ ከወይራ ጋር ተመለሰ። ሰው ሳስቶ፣ ዝናብም ጨምሮ ሊሆን ይችላል ይላሉ። መልሶ መመንጠሩና የአፈሩ መታጠብ የባሰው ካለፉት 300 ዓመታት ወዲህ ነው። ስለዚህ «ድሮ ሁሉም ደን ነበር» ስትባል፣ የትኛው ድሮ በል።

ባለጥዱ፣ የአክሱሙን ነገር ካርል ቡትዘር የሚባል ተመራማሪ በ1981 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ ከንቱ አይደለም። በኋላ እዚያው ሸለቆ ውስጥ የቆፈሩ ሌሎች ግን በአክሱም ዘመን አፈሩ ያን ያህል ሲናድ አላገኙትም።

ባለጥዱ፦
እሺ መምህር፣ ተረታሁ። ግማሹን።

የሐይቅ ልጅ፦
አሁን አያቴ ጋ ደወልኩ። የ1800 ዓመቱን ስነግራቸው «አላልኩም?» ብለው ሳቁ። «የቤታችን ምሰሶስ ጥድ አይደል፣ ከየት መጣ?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «እሱንማ አባቴ ናቸው፣ ከዚሁ ከዳገቱ የቆረጡት» አሉኝ።