ቡናን ቆልቶ መላክ ሀብታም ያደርገናል?

የጅማው፦ ትናንት ሬዲዮ ላይ አንድ እንግዳ «ቡናችንን ቆልተን ብንልክ ኖሮ ይሄኔ ሀብታም ነበርን» ሲል ሰምቼ በጣም ተናደድኩ። ጥሬ ቡና በደንብ ከተያዘ ለወራት ይቆያል። የተቆላው ግን በሳምንታት ውስጥ መዓዛው ይጠፋል። ለዚህ ነው ጠጪው አጠገብ፣ በጀርመን ወደቦች ሀምቡርግና ብሬመን የሚቆላው።

ሀና፦ «ጠጪው አጠገብ»? ስዊዘርላንድ ቡና አታበቅልም፣ ባሕርም የላትም። ጥሬውን ከውጭ ገዝታ ትቆላና በካፕሱል፣ ማለትም አንድ ሲኒ በሚወጣው ትንሽ እሽግ አድርጋ ለዓለም ትሸጣለች፤ ከእኛ የቡና ገቢ የበለጠ ታገኝበታለች።

የጅማው፦ ጎረቤቶቿ እኮ ጀርመንና ፈረንሳይ ናቸው! የእሷ ጭነት መኪና ገዢው በር ላይ ሲደርስ የእኛ ገና ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው።

ዳዊት ከፍራንክፈርት፦ ጥፋቱ የአውሮፓ ቀረጥ ነው። ጥሬው በነፃ ይገባል፣ የተቆላው 7.5 በመቶ ይከፍላል። ሆን ብለው ነው።

ሀና፦ ዳዊት፣ እሱ እኛን አይመለከትም። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጣም ደሃ የሚባሉት አገሮች ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉንም ያለ ቀረጥ ያስገባሉ። እኛም አለንበት።

ዳዊት ከፍራንክፈርት፦ እሺ፣ መደርደሪያውስ? እዚህ ሱፐርማርኬት «ይርጋጨፌ» የሚል ፓኬት አያለሁ። ገልብጬ ሳነበው የቆላው የጀርመን ድርጅት ነው። ስሙ የእኛ፣ ትርፉ የእነሱ።

ጋሽ ታዬ፦ ልጆች፣ ገበሬውንስ ማን ያንሳው? ዋጋው የዓለም ቡና በሚገበያይበት ኒው ዮርክ ላይ ሲወድቅ ጀንፈሉን፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡናውን ይዞ የሚቀረው እሱ ነው። ሐረርጌ ላይ ስንቱ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ! ቡና በዓመት አንዴ ይለቀማል፣ ጫት ግን ደጋግሞ ይቆረጣል።

የጅማው፦ ጋሼ፣ እባክዎ ጫትን እንደ መፍትሔ አያንሱብን። ወጣቱን ጨረሰው።

ጋሽ ታዬ፦ መፍትሔ ነው መቼ አልኩ? ልጆቹን ምን ያብላ ነው የምልህ!

ሀና፦ ወደ «ጠጪው አጠገብ» እንመለስ። ግማሽ ያህሉን ቡናችንን የምንጠጣው እኛው ነን። ሳዑዲም ከትልልቅ ገዢዎቻችን አንዷ ናት፤ ጅዳ ደግሞ ቀይ ባሕር ማዶ ናት። ይሄ ሩቅ ነው?

የጅማው፦ ሳዑዲዎች ለጋ አድርገው ነው የሚቆሉት። የራሳቸው አቆላል አላቸው።

ሀና፦ ታዲያ እንደሚወዱት ቆልተን እናቅርብላቸዋ! አንድ ነገር በተነሳ ቁጥር አይቻልም ማለት ሰለቸን።

የጅማው፦ አይቻልም አላልኩም። ማሸጊያው ራሱ ከውጭ በዶላር ይመጣል። ዶላሩን ማን ይስጥሽ ነው የምለው።