ለገጠር አካባቢ የእውቀት ኢኮኖሚ እቅድ ከየት ይጀመራል?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁም። ለአንድ ገጠራማ አካባቢ የ10 ዓመት የልማት እቅድ የሚያረቅ ቡድን ውስጥ አለሁበት፤ «የእውቀት ኢኮኖሚ» የሚለው ምዕራፍ፣ ማለትም ሰው በእውቀቱና በሙያው ገቢ ስለሚያገኝበት ሥራ የሚያወራው፣ ለእኔ ደረሰ። በስብሰባ የሚነሳው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የቴክኖሎጂ ፓርክ ይገንባ፣ ወጣቶች ኮምፒውተር ይሠልጥኑ። ሕንፃው ሲያልቅ ማን ይገባበታል? ሠልጣኙስ ለማን ይሠራል? ስል ዝም ይሉኛል። ምዕራፉን በምን ልጀምረው?

የኔትወርክ መሐንዲስ
በፋይበር፣ በፈጣኑ የኢንተርኔት ገመድ ነዋ! ውዱ ነገር ገመዱ አይደለም፣ ቁፋሮው ነው። መንገድ ወይም የውሃ መስመር በተቆፈረ ቁጥር ባዶ ቱቦ አብሮ እንዲቀበር እቅዱ ላይ አስገቡ፤ ፋይበሩ በኋላ ይሳባል። ትልልቅ ኩባንያዎች «አያዋጣንም» ቢሉም መላ አይጠፋም። በእንግሊዝ፣ በሰሜን ላንክሻየር ገጠር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ቢፎርአርኤን የተባለ የማኅበረሰብ ድርጅት አቋቁመው፣ ባለመሬቶች መስመሩን በነፃ አሳልፈው፣ ፈቃደኞች ራሳቸው ቦይ እየቆፈሩ በሴኮንድ 1 ጊጋቢት የሚደርስ ኢንተርኔት በየቤቱ አስገብተዋል።

ጡረተኛ የእቅድ ባለሙያ
ፋይበሩን አልቃወምም፤ የቱቦው ነገርማ ግሩም ነው። ግን ሥራ በሌለበት ቦታ ፈጣን ኢንተርኔት ሲገባ ወጣቱ ቀድሞ የሚያገኘው የሌላ ከተማ የሥራ ማስታወቂያ ነው። እኔ በዚህ ሙያ ነው የሸበትኩት፤ ፓርክ የሚያወራ ሰነድ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምፈልገው ገዢውን ነው። ያንን እውቀት ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛው ማን ነው?

ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ገዢ እዚያው አጠገባችሁ አለ፦ የአካባቢው አስተዳደር፣ ሆስፒታሉ፣ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ። የመሬት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ይገባል፣ የውሃ መስመር ካርታ ይነሳል፣ አፈር ይመረመራል፣ ሂሳብ ኦዲት ይደረጋል። ይህ ሁሉ የእውቀት ሥራ ነው። ጨረታው ግን በአንድ ጥቅል፣ በትልቅ ዋስትናና በረጅም የሥራ ልምድ መስፈርት ስለሚወጣ የከተማ ድርጅት ይወስደዋል። ባለሙያው ይመጣል፣ ለክቶ ይሄዳል፤ ኋላ አንዲት ስህተት ለማረም እንኳ እሱኑ መለማመጥ ነው። ጨረታውን ከፋፍሉት፤ ሦስት አራት ሰው ያለው ድርጅት ሊወዳደርበት በሚችል መጠን ይሁን። ክፍያውም አይዘግይ። ትንሽ ድርጅት ሥራ አጥቶ ብቻ አይደለም የሚዘጋው፣ የሠራበት ገንዘብ ሲንጓተትበትም ነው።

ፓርክ ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ያለውን ሪሰርች ትራያንግል ፓርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሲመሠረት ዙሪያውን ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩት፤ ያም ሆኖ ትልቁ የኮምፒውተር ኩባንያ አይቢኤም እንደሚገባ ያስታወቀው በ1965 ነው። ዩኒቨርሲቲ የሌለው አካባቢ ከዚያ ይልቅ በስኮትላንድ ሃይላንድስና ደሴቶች የተደረገውን ቢያይ ይሻለዋል። በየቦታው የተበታተኑ ኮሌጆችን አስተሳስረው፣ በቪዲዮም ጭምር እያስተማሩ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2011 የዩኒቨርሲቲነት ማዕረግ አገኙ። እዚያ ለዲግሪ ሲባል ቀዬን መልቀቅ ግድ መሆኑ ቀርቷል።

ጠያቂ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የጨረታውን ጉዳይ እስካሁን ያነሳው ሰው የለም። በርቀት የሚሠሩ ሰዎችን በገንዘብ ስበን ብናመጣስ?

ጡረተኛ የእቅድ ባለሙያ
የአሜሪካዋ ቬርሞንት ሞክራዋለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለመጡላት የርቀት ሠራተኞች እስከ 10,000 ዶላር የመዛወሪያ ወጪ ትሸፍን ነበር። ገንዘብ ሰውን ያመጣል። የሚያቆየው ግን ቤት፣ የልጆች ትምህርት ቤትና ለትዳር አጋር የሚሆን ሥራ ነው። ገጠር ላይ ደግሞ ባዶ ቤት ሞልቶ የሚከራይ ይጠፋል፤ ስለዚህ የቤቶችን ምዕራፍ ከሚጽፈው ባልደረባህ ጋር ቀድመህ ተነጋገር።

ከሁሉ በፊት ግን ያሉትን መዝግቡ፦ የእንስሳት ሐኪሙን፣ ቀያሹን፣ የሂሳብ ሠራተኛዋን። ከእነዚህ ውስጥ በእቅዱ ዘመን ጡረታ የሚወጡት ስንት ናቸው? ማንስ ይተካቸዋል? የምዕራፍህ የመጀመሪያ ሠንጠረዥ ይህ ይሁን። የፓርኩን ንድፍ አባሪ ውስጥ ክተተው።