የፕሌይሊስቶቻችን አደረጃጀት፦ የጋራ ሃሳብ ለማዘጋጀት የተከፈተ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ የቪዲዮዎቻችን ነገር በጋራ ሃሳብ ለሥራ አስፈጻሚው ይቅረብ ብለን ነበር፤ እዚሁ እንጀምረው። በቲክቶክና በዩቲዩብ የለቀቅናቸው የመጀመሪያ እርዳታ ቪዲዮዎች ተበታትነዋል። ሰው አንዱን አይቶ ቀጣዩን ሲፈልግ አያገኘውም። የእኔ መነሻ ይህ ነው፦ ሁሉንም በስልጠናችን ቅደም ተከተል፣ ክፍል 1፣ ክፍል 2 እያልን በአንድ ረጅም ፕሌይሊስት (ተከታታይ የቪዲዮ ዝርዝር) እንደርድራቸው። የማይስማማ በነፃነት ይናገር።

የቪዲዮ ክፍል፦
እህቴ፣ በዚህ አልስማማም። ለስልጠና የተመዘገበ ሰው ቅደም ተከተላችንን ያውቃል። ቪዲዮው በድንገት ፊቱ የመጣለት ሰው ግን አያውቅም። ቲክቶክ ላይ አብዛኛው ተመልካች ፕሮፋይላችንን ከፍቶ አይደለም የሚያገኘን፤ አንድ ቪዲዮ በመሃል ይመጣለታል። ቪዲዮው ፕሌይሊስት ውስጥ ካለ ስሙ ከታች በኩል ይታያል። እዚያ ላይ «ክፍል 7» ቢል ማን ይነካዋል? «ሲደማ» ቢል ግን ገባው።

ስለዚህ ስሞቹ ሰው በዓይኑ በሚያየው ችግር ይሁኑ፦ «ሲያንቀው»፣ «ሲደማ»፣ «ሲቃጠል»፣ «ራሱን ሲስት»። በአጭሩ እንሰይም። ረጅም ስም ስልክ ላይ ይቆረጣል። ለራሳችን ከ15 ፊደል አይለፍ የሚል ወሰን እናስቀምጥ። የእኛ ፊደል አናባቢውን አብሮ ስለሚይዝ 15 ከበቂ በላይ ነው።

አሰልጣኝ፦
ስሞቹን ወድጃቸዋለሁ፤ ስጋቴን ግን ልናገር። ሰው ፊት ለፊቱ ወድቆ እያለ ቪዲዮ የሚያገላብጥ ሰው ደቂቃ እያባከነ ነው። መጀመሪያ አምቡላንስ መጥራት ነው የሚቀድመው። በዚያ ላይ ልቡ ለቆመ ሰው ደረት መጫን ታይቶ ብቻ አይለመድም። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ጥልቀት ስንል፣ ያ በእጅ መለማመድ ይፈልጋል። ፕሌይሊስቱ ስልጠናን የሚተካ መስሎ እንዳይታይ እፈራለሁ።

የቪዲዮ ክፍል፦
ልክ ነህ። እንዲህ ብናደርገውስ? በየፕሌይሊስቱ መጀመሪያ ላይ አንድ በጣም አጭር ቪዲዮ ይቀመጥ፦ እርዳታ ጥራ፣ አሁን ይህን አድርግ። ዝርዝሩና ልምምዱ ከሥሩ ይከተል። መጨረሻው ላይ ወደ ስልጠና የሚጋብዝ ይሁን። የእህታችን ቅደም ተከተልም በዚህ አይጠፋም፤ በየርዕሱ ውስጥ ይገባል።

ጸሐፊ፦
ይሄ ያስማማኛል። አንድ ረጅም ፕሌይሊስት የሚለውን ትቻለሁ።

የወጣቶች ተወካይ፦
አንድ እንቅፋት አለ። ቲክቶክ ላይ አንድ ቪዲዮ ከአንድ ፕሌይሊስት በላይ አይገባም። ዩቲዩብ ላይ ግን በፈለግነው ያህል ይገባል። ታዲያ ህጻን ሲያንቀው የሚያሳየው ቪዲዮ የት ይሂድ? «ሲያንቀው» ውስጥ ወይስ «ህጻናት» ውስጥ?

አሰልጣኝ፦
ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም፣ የደህንነት ነው። ከ1 ዓመት በታች ያለ ህጻን ሲያንቀው ሆዱ አይገፋም። 5 ጊዜ ጀርባውን መምታት፣ ከዚያ 5 ጊዜ ደረቱን መጫን ነው፤ እየተፈራረቀ። የደነገጠች እናት «ሲያንቀው» ከፍታ የአዋቂውን ብታይና ህጻኗ ላይ ብትሞክረው ልትጎዳው ትችላለች። ከ1 ዓመት በታች ያለው ለብቻው ይሁን። የአዋቂው የመጀመሪያ ቪዲዮ ላይ ደግሞ «ከ1 ዓመት በታች ከሆነ ይህን አታድርጉ» የሚል ጽሑፍ ገና ከመጀመሪያው ሰከንድ ይታይ።

የወጣቶች ተወካይ፦
ተመለሰልኝ። ሌላው፣ ፕሌይሊስት መፍጠሪያው ለሁሉም የቲክቶክ አካውንት አልተከፈተም። የእኛ ዋናው አካውንት አለው፤ የቅርንጫፎቹ ከሌላቸው እስከ 3 ቪዲዮ ፒን ማድረግ (ፕሮፋይላቸው አናት ላይ መሰካት) ይችላሉ። ሦስቱ ማነቅ፣ መድማትና ደረት መጫን ይሁኑ።

መስማት የተሳናቸው አባላት ተወካይ፦
እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ግን አጥብቄ ነው የምጠይቀው። ካፕሽን የሌለው ቪዲዮ ፕሌይሊስት ውስጥ አይግባ። ንግግሩን ቪዲዮው ላይ በጽሑፍ የሚያሳይ፣ በአማርኛ በእጃችን የተጻፈ ካፕሽን ማለቴ ነው። ከቨሩ (ቪዲዮው ሳይከፈት የሚታየው ምስል) ላይም ርዕሱ በትልቁ ይጻፍ። አሁን ከቨሮቻችን ሁሉ የአስተማሪው ፊት ናቸው፤ ድምፅ ለማይሰማ ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ይህ ድምፅ አጥፍቶ ለሚያይ ሰውም ይጠቅማል።

ሰብሳቢ፦
ይህ ነጥብ እንደ ግዴታ ይጻፍ። እኔን ያሳሰበኝ የቆዩት ቪዲዮዎች ናቸው። ያስተማርነው ነገር ሲለወጥስ?

አሰልጣኝ፦
ጋሼ፣ ተለውጧልም። የአሜሪካ የልብ ማህበር እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መመሪያ አዋቂን ሲያንቀው 5 ጊዜ ጀርባ መምታት፣ ከዚያ 5 ጊዜ ሆድ መግፋት ብሏል። ቀደም ሲል የእነሱ ትምህርት በሆድ መግፋት የሚጀምር ነበር። ከእኛ የቆዩ ቪዲዮዎች ውስጥ በድሮው መንገድ የተቀረጹ አሉ። መመሪያው ነገም ሊታደስ ስለሚችል ይህ አንዴ ተሠርቶ የሚተው ሥራ አይደለም።

የቪዲዮ ክፍል፦
የፕሌይሊስት ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። አንዴ የለቀቅነውን ቪዲዮ በዚያው ሊንክ በሌላ መተካት አንችልም። አዲስ ከለቀቅን አዲስ ሊንክ ነው። ፕሌይሊስቱ ግን ሊንኩ ሳይቀየር ውስጡ ይቀየራል። ስለዚህ በፖስተር፣ በኪውአር ኮድ፣ በየግሩፑ የምንበትነው የፕሌይሊስቱን ሊንክ ይሁን። የቆየውን አውጥተን አዲሱን በቦታው ስናስገባ፣ አምና የተለጠፈ ፖስተርም ወደ ትክክለኛው ትምህርት ይወስዳል። የወጣው ቪዲዮ «ለራስ ብቻ» ይደረግ፤ እንዲሁ ከተተወ ፍለጋ ላይ መገኘቱ አይቀርም።

ሰብሳቢ፦
በጣም ጥሩ። ፓስወርዱ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይሁን፤ ሁለት ሰው ይያዘው። ጸሐፊያችን፣ እስካሁን ያልነውን አጠቃለሽ ጻፊልን።

ጸሐፊ፦
እነሆ ረቂቁ፦

«ማህበሩ የመጀመሪያ እርዳታ ቪዲዮዎቹን ተመልካቹ በሚያየው ችግር በተሰየሙ ፕሌይሊስቶች ያደራጃል። የእያንዳንዱ ስም ከ15 ፊደል አይበልጥም። በየፕሌይሊስቱ መጀመሪያ እርዳታ መጥራትንና አፋጣኝ እርምጃን የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ፣ መጨረሻው ላይ የስልጠና ግብዣ ይቀመጣል። ከ1 ዓመት በታች ላሉ ህጻናት የሚሆነው ለብቻው ይሆናል። የአማርኛ ካፕሽንና በጽሑፍ ርዕሱ የተገለጸበት ከቨር የሌለው ቪዲዮ አይገባም። ለሕዝብ የሚሰጠው የፕሌይሊስት ሊንክ ነው። አሰልጣኞች ቪዲዮዎቹን በዓመት አንዴ ከመመሪያ ጋር ያመሳክራሉ። አካውንቱን ሁለት ኃላፊዎች ይይዛሉ።»

አሰልጣኝ፦
«በዓመት አንዴ» ከሚለው ቀጥሎ «አዲስ መመሪያ ሲወጣም ወዲያውኑ» የሚል ይጨመር። ዓመት እስኪሞላ ስህተት ማሳየት የለብንም።

መስማት የተሳናቸው አባላት ተወካይ፦
ተስማምቻለሁ። ካፕሽን የሌላቸውን ለይተን ለመጻፍ ከእኛ በኩል ፈቃደኞች አሉ፤ ዝርዝሩን ላኩልን።

ጸሐፊ፦
ጨምሬዋለሁ። የማነቅ ቪዲዮዎቹን ዝርዝር ዛሬ ማታ አስቀድሜ እልካለሁ፤ የሌሎቹ ይከተላል።

ሰብሳቢ፦
የድሮዎቹን የማነቅ ቪዲዮዎች ግን የሥራ አስፈጻሚውን ውሳኔ ሳንጠብቅ አሁኑኑ ከእይታ አውጧቸው።

የቪዲዮ ክፍል፦
እሺ ጋሼ፣ አሁን እያወጣኋቸው ነው።