አክታዋ ኔጌቲቭ ነው፣ የአንገቷ እጢ ግን አልጠፋም

ጥያቄ፦ በጤና ጣቢያ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። የ26 ዓመት ወጣት ናት፣ 48 ኪሎ ትመዝናለች። በአንገቷ ቀኝ በኩል እርስ በርስ የተጣበቁ እጢዎች ካበጡ ሁለት ወር አልፏል። አያማትም፤ ሌሊት ያልባታል፣ ከስታለች። አሞክሲሲሊን 10 ቀን ወስዳ ለውጥ የለም። ሳል የላትም፤ እንደምንም ያወጣችው አክታ በጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ባክቴሪያን ዘረመል በሚፈልገው ምርመራ) ኔጌቲቭ ነው። አንዱ እጢ ስለለሰለሰ ቤተሰቧ «ይፍረጥና መግሉ ይውጣ» እያሉ ነው። ልቅደደው?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ እባክዎ በምላጭ አይንኩት። የቲቢ እጢ ከተቀደደ ለወራት የማይደርቅ፣ ፈሳሽ የሚያወጣ ቁስል ይሆናል። የአክታው ውጤት ስለ አንገቷ የሚነግርዎት ነገር የለም፤ ባክቴሪያው ያለው እጢው ውስጥ ነው። ናሙናውን በመርፌ ይውሰዱ፤ ቆዳው ከሳሳበት አናት ላይ ሳይሆን ከጎን፣ ጤነኛ ቆዳ ባለበት ይግቡ። ጥቂቱን ስላይድ ላይ ቀብተው ለፓቶሎጂ (ሕዋሳቱ በማይክሮስኮፕ እንዲታዩ)፣ ቀሪውን በንጹህ ቱቦ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ጨምረው ለጂን ኤክስፐርት ይላኩ። ብዙ ናሙና የሚበላሸው ሁሉም ፎርማሊን (የናሙና ማቆያ ኬሚካል) ውስጥ ስለሚገባ ነው፤ ፎርማሊን ባክቴሪያውን ስለሚገድለው ካልቸር ማድረግ፣ ማለትም ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ማሳደግ፣ አይቻልም።

ጠያቂ፦ የእጢውም ኔጌቲቭ ቢሆንስ?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ በእጢ ውስጥ ባክቴሪያው ጥቂት ስለሆነ ኔጌቲቭ ውጤት ቲቢን አያስቀርም። ፓቶሎጂው የቲቢን ዓይነተኛ ግራኑሎማ (ሰውነት ባክቴሪያውን ለመክበብ የሚሠራው የሕዋሳት ክምችት) ካሳየ፣ ከምልክቶቿ ጋር ሕክምና ለመጀመር ይበቃል። ሁለቱም ካልረዱ ግን በግምት መድኃኒት አይጀመር፤ ሊምፎማም (የእጢ ካንሰር) እንዲሁ ያልባል፣ ያከሳል። እጢው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ እንዲመረመር ሪፈር ይጻፉላት። የኤችአይቪ ምርመራና የደረት ኤክስሬይ አይዘለሉ፤ ሳንባዋም ከተያዘ በትንፋሽ ታስተላልፋለች፣ እጢው ብቻ ከሆነ ግን አታስተላልፍም፤ ዕቃ መለየት በሁለቱም አያስፈልግም። የጀርባ ሕመምና የእግር መዛል፣ ሳምንታት የቆየ ራስ ምታትና ትውከት ካለ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ትሂድ፤ የአከርካሪና የአንጎል ሽፋን ቲቢ ጊዜ አይሰጡም፣ ሕክምናቸውም 12 ወር ነው።

የፋርማሲ ባለሙያ፦ ለእጢ ግን 6 ወር ይበቃል፦ ሁለት ወር አራቱ መድኃኒቶች (ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል)፣ ከዚያ አራት ወር ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ። በ48 ኪሎ በቀን 3 ፍሬ የተዋሃደው እንክብል ነው፤ ቫይታሚን ቢ6 ይጨመርላት። ሽንቷ እንደሚቀላ አስቀድመው ይንገሯት፣ ደም መስሏት እንዳታቆም። የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ከሆነ ሪፋምፒሲን ኃይሉን ያሳጣዋል፤ የሦስት ወር መርፌ ወይም ሉፕ ይሻላታል።

ጠያቂ፦ መድኃኒት ላይ ሆና እጢው ቢያድግስ?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ ይህ ብዙ ሰው የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ሕክምና ከተጀመረ ሳምንታት ወይም ወራት በኋላ እጢው ሊያብጥ፣ አዲስም ሊወጣ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሰውነት መከላከያ ለሞተው ባክቴሪያ የሚሰጠው ምላሽ ነው። መድኃኒቱን አያቁሙ። መጀመሪያ በትክክል እየወሰደች መሆኑን፣ ቀጥሎ የጂን ኤክስፐርቱ ውጤት ባክቴሪያው ሪፋምፒሲንን ይቋቋማል ወይስ አይቋቋምም እንዳለ ይዩ። መግል ከቋጠረ ደግመው ደጋግመው በመርፌ ይሳቡት። በ6ኛው ወር ትንሽ ጠጣር እጢ ቢቀርና ክብደቷ ከጨመረ፣ ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም።