በጨርቅ የተለበጠ የመጋረጃ ሳጥን ቤት ውስጥ ለመሥራት፦ ልኩ፣ ጨርቁና አሰቃቀሉ

ጠያቂ (አዳማ)
ሰላም ለሁላችሁ። የሳሎን መስኮቴ ወርዱ 120 ሴንቲ ነው፤ የመጋረጃው ዘንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ 150 ይሆናል። ዘንጉንና ቀለበቶቹን የሚሸፍን፣ ከኮምፔንሳቶ ተሠርቶ በሶፋ ጨርቅ የተለበጠ ሳጥን ከላይ መስቀል ፈልጌያለሁ። መጋረጃው ድርብ ነው፣ ስስና ወፍራም። ስንት እንጨትና ጨርቅ ልግዛ? ስፖንጁስ ስንት ሴንቲ ይሁን? ግድግዳው ብሎኬት ስለሆነ ፊሸሩ (ብሎኑን ግድግዳው ውስጥ የሚይዘው ፕላስቲክ) እየተነቀለ እንዳያስቸግረኝም ሰግቻለሁ።

አናጢ
እህቴ፣ ልኩን ከመስኮቱ ሳይሆን ከዘንጉ ውሰጂ። ዘንጉ 150 ከሆነ በግራም በቀኝም 5 ሴንቲ ክፍተት ስጪው፤ የሳጥኑ የውስጥ ርዝመት 160 ይመጣል። ድርብ መጋረጃ ስለሆነ ጥልቀቱን ከ18 አታሳንሺ። 12 ካደረግሽው ወፍራሙ መጋረጃ በተጎተተ ቁጥር የሳጥኑን ፊት ይፈትጋል። ቁመቱ 30 ይበቃል።

ባለ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይሁንና እንዲህ ይቆረጥልሽ፦ ፊቱ 162.4 በ30፣ ክዳኑ 160 በ18፣ ጎኖቹ ሁለት፣ እያንዳንዳቸው 18 በ30። ፊቱ ላይ የተጨመረችው 2.4 የሁለቱ ጎኖች ውፍረት ናት። እሷ ከተረሳች ፊቱ ያጥርና የጎኖቹ ጠርዝ ወጥቶ ይታያል። ሙሉው 122 በ244 ስለሆነ በቁመቱ ለሁለት የተሰነጠቀ ግማሽ ይበቃሻል፤ ሁለቱ ጎኖች ከፊቱ ትራፊ ይወጣሉ። ሙሉውን ከገዛሽ ለሁለት መስኮት ነው። እዚያው በማሽን አስቆርጪው፤ በእጅ መጋዝ 160 ሴንቲ ቀጥ አድርጎ መሄድ ከባድ ነው።

ቺፕውድ ርካሽ ነው ብለሽ እንዳትገዢ። ጠርዙ ይፈረፈራል፣ ብሎኑም ስቴፕሉም አይዝም። ስትገጥሚ ጠርዙን ኮላ ቀቢና በየ20 ሴንቲው ባለ 3 ወይም 3.5 ሴንቲ የእንጨት ብሎን እሰሪበት። ከብሎኑ በፊት በ2 ሚሊ መሰርሰሪያ ቀዳዳ ካልከፈትሽ የኮምፔንሳቶው ንብርብር ይላቀቃል። በመጨረሻ ማዕዘኖቹን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺ፤ ስለት ያለው ጠርዝ ከጊዜ በኋላ ጨርቁን ይበላዋል።

ሶፋ ሠሪ
አናጢው ልክ ነው። ስፖንጅ 2 ሴንቲ ተጠቀሚ፤ ማዕዘኑ ሞላ ብሎ ያምራል። ፊቱንና ጎኖቹን ብቻ አልብሺ፣ ክዳኑን ተይው። ማስቲሹን (ማጣበቂያውን) በስሱ እንጨቱም ስፖንጁም ላይ ቀብተሽ እጅ ላይ መጣበቅ እስኪያቆም ድረስ ጠብቂና አጣብቂ። በወፍራሙ ከተቀባ ይደርቅና በጨርቁ ሥር እንደ ጠጠር ይጎረብጣል፣ ነጣ ባለ ጨርቅ ላይ ደግሞ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። መስኮትና በር ከፍተሽ ሥሪ፤ ከእሳትም ይራቅ።

መሸብሸብ የሚመጣው ከአንዱ ጫፍ ሲጀመር ነው። ሳጥኑን ጨርቁ ላይ በፊቱ አስተኚ፣ ከመሃል የላይኛው ጠርዝ አንድ ስቴፕል ምቺ፣ ጨርቁን ጎትተሽ ከመሃል የታችኛው ጠርዝ በውስጥ በኩል ሌላ፤ ከዚያ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ በየ4 ሴንቲው እየሄድሽ ጨርሺ። ከማዕዘኑ 10 ሴንቲ ሲቀርሽ አቁሚና ጎኑን ጎትተሽ እሰሪ፤ ማዕዘኑ በመጨረሻ እንደ ስጦታ መጠቅለያ ይታጠፋል። የስቴፕሉ እግር 8 ወይም 10 ሚሊ ይሁን፤ 14 ከሆነ በ12 ሚሊው እንጨት አልፎ ይወጣል። ቀና ያለውን በመዶሻ አስተኚ።

መጋረጃ ሰፊ
በ2 ሴንቲው አልስማማም። ጨርቁ መስመር ወይም አበባ ካለው ወፍራም ስፖንጅ ጠርዙ ላይ ሥዕሉን ይለጥጠዋል፤ 1 ሴንቲ ንጹሕ ቅርጽ ይሰጣል። ለልሙጥ ጨርቅ 2 ምንም አይደል።

የጨርቁ ልክ፦ ፊቱና ሁለቱ ጎኖች ሲደመሩ 198.4 ነው፤ ማጠፊያ ተጨምሮ 215 በ50 ያስፈልግሻል። ልሙጥ ከሆነ ወርዱን ትተሽ በርዝመቱ አስኪጂው፤ 2.20 ሜትር ግዢ፣ ያለ ስፌት ይወጣል።

ጠያቂ (አዳማ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመረጥኩት ጨርቅ አበባው ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፣ ወርዱ 140። በርዝመቱ ካስኬድኩት አበባው ሊተኛ ነው?

መጋረጃ ሰፊ
አዎ ይተኛል፤ ስለዚህ መቀጠል ግድ ነው። ግን ስፌቱ መሃል ላይ አይውደቅ፣ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ነው። አንዱን ሙሉ ወርድ መሃል አድርጊ፣ ሌላውን ለሁለት ከፍለሽ በግራና በቀኝ ቀጥይ። ስፌቱ ከማዕዘኑ 13 ሴንቲ አካባቢ ይውላል፣ ብዙም አይታይም። ሁለት ጊዜ 50 ሴንቲ 1 ሜትር ነው፤ አበባው ከአበባው ጋር እንዲገጥም የአንድ አበባ ዙር ቁመት ጨምረሽ ግዢ። ስፌቱን ከፍተሽ ተኩሺው፤ ካልተተኮሰ ስፖንጁ ላይ ጉብ ይላል።

የቤት አጨራረስ ባለሙያ
ፊሸሩ የሚነቀለው ብሎኬቱ ባዶ ቦታ ላይ ሲመታ ነው። መስኮት አናት ላይ አብዛኛውን ጊዜ 20 ሴንቲ ቁመት ያለው የኮንክሪት ሊንቴል (አግድም ተሸካሚ) አለ፣ እሱ ላይ እሰሪ። የሳጥኑ ግርጌ መስታወቱን 10 ሴንቲ ይሸፍን፤ ክዳኑ ከመስኮቱ 20 ሴንቲ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ከክዳኑ ሥር እግራቸው ወደ ታች የሆነ 3 ኤል ብረት ብታደርጊ ቀዳዳዎቹ ሊንቴሉ ላይ ያርፋሉ። ባለ 8 ሚሊ የኮንክሪት መሰርሰሪያ፣ 6 ሴንቲ ጥልቀት፣ ባለ 8 ፊሸር። ብረት ከነካ 2 ሴንቲ ፈቀቅ በይ፣ አትታገይው። ሊንቴሉን አልፈሽ ብሎኬት ላይ ከሆነ የድሪሉን መዶሻ አጥፊ፤ ካልጠፋ የብሎኬቱ ጀርባ ይፈርስና ፊሸሩ ይሽከረከራል። የጭቃ ግድግዳ ያላችሁ ደግሞ ፊሸር አትሞክሩ፤ ቋሚዎቹን ፈልጋችሁ አግድም ጣውላ ምቱና እሱ ላይ እሰሩ።

ዋናው ነገር፦ ሳጥኑን ጨርቅ ሳታለብሺ አንዴ ሰቅለሽ፣ በውሃ ልክ አይተሽ፣ የኤሉን ቀዳዳዎች ሁሉ ከፍተሽ አውርጂው። ጨርቁ ከለበሰ በኋላ የሚሽከረከር መሰርሰሪያ ክር ከያዘ ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር ይመዘዋል። ከኤሉ ወደ ክዳኑ የሚገባው ብሎን ከ12 ሚሊ አይበልጥ።

አናጢ
አንድ የቀረ። ፊቱ መስታወቱን 10 ሴንቲ ስለሚሸፍን ከመንገድ በኩል ጥሬው እንጨትና የስቴፕሉ ረድፍ ይታያል። ጨርቁ ከታሰረ በኋላ ውስጡን ነጭ አቡጀዲ አጣብቂበት። አቡጀዲውን አስቀድመሽ እጠቢው፤ ሳይታጠብ ከተለጠፈ በኋላ እርጥበት ካገኘው ይሰበሰብና ይላቀቃል። ክዳኑን ደግሞ ዘይት ቀለም ቀቢው፤ የአዳማ የበጋ አቧራ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።