የ6,275ቱ ጎድጓዳ የሲሊከን ነው ወይስ የሃይድሮጅን?

ጠያቂ (ድሬዳዋ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የአንድ አዲስ ሱፐርኖቫ (የፈነዳ ኮከብ) ስፔክትረም (በሞገድ ርዝመት የተዘረዘረ ብርሃን) ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ማኅደር አውርጄ፣ የድሬ ሙቀት ቀን ስለማያሠራ፣ ማታ ማታ እየመረመርኩት ነው። የጋላክሲው ሬድሺፍት (የብርሃኑ ሞገድ የተለጠጠበት መጠን) 0.02 ነው። በ6,275 አንግስትሮም (የሞገድ ርዝመት መለኪያ) ዙሪያ ሰፊና ጥልቅ ጎድጓዳ፣ ማለትም ብርሃን የተዋጠበት ቦታ፣ አለ፤ በ6,694 ደግሞ እንደ መርፌ የቀጠነች የጨረር መስመር ብቅ ብላለች። ሃይድሮጅን ካለበት ዓይነት ሁለት፣ ከሌለበት ዓይነት አንድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን መርፌዋና ጎድጓዳው አልጣጣም አሉኝ። በየትኛው ልፍረድ?

መልስ (ሐረር)፦
በቅድሚያ ሬድሺፍቱን ለማስወገድ የሞገድ ርዝመቶቹን በሙሉ ለ1.02 (1 ሲደመር 0.02) ያካፍሏቸው። መርፌዋ 6,563 ላይ ታርፋለች፤ ይህም የሃይድሮጅን አልፋ (የሃይድሮጅን ዋናው ቀይ መስመር) ትክክለኛ ቦታ ነው። ሆኖም ከፍንዳታው በሰከንድ በሺዎች ኪሎ ሜትር የሚወረወር ጋዝ የሚሰጠው መስመር ሰፊ ስለሚሆን፣ ይህን ያህል የቀጠነችው ከሱፐርኖቫው ሳይሆን በጋላክሲው ውስጥ አዳዲስ ኮከቦች ከሚወለዱበት ደመና የመጣች ትመስለኛለች።

ጎድጓዳው 6,152 ላይ ይውላል። የሲሊከን 6,355 መስመር ነው ካልን ጋዙ ወደ እኛ የሚመጣው በሰከንድ 9,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህ ብርሃኑ ጣሪያ በሚነካበት ሰሞን ለዓይነት አንድ-ኤ (ጉልህ የሲሊከን ጎድጓዳ ላለው የዓይነት አንድ ንዑስ ክፍል) የተለመደ ፍጥነት ነው። ሃይድሮጅን ነው ካልን ግን ወደ 18,800 ይወጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጨርሶ የማይሆን ባይሆንም፣ ከጎድጓዳው በስተቀይ (በረዥሙ ሞገድ) በኩል ሰፊ የሃይድሮጅን ጉብታ አብሮት መታየት ይገባው ነበር። ቁርጡን የሚነግርዎ ሰልፈር ነው፦ በእርስዎ ግራፍ ላይ በ5,400 እና በ5,560 አካባቢ ጎን ለጎን ሁለት ጎድጓዶች ካሉ አንድ-ኤ ነው። ሌላው ንዑስ ክፍል ዓይነት አንድ-ሲም ደካማ የሲሊከን ምልክት ሊያሳይ ይችላል፤ ይህን የሰልፈር ጥንድ ግን አያሳይም።

ሌላ መልስ፦
በሐረሩ ወንድማችን ሐሳብ እስማማለሁ፤ መርፌዋን ግን በቅጥነቷ ብቻ ባንፈርድባት እመርጣለሁ። ኮከቡ ቀደም ብሎ በዙሪያው የተፋው ጋዝም ቀጫጭን መስመሮች ይሰጣል፤ በ2023 በኤም 101 ጋላክሲ የታየው ሱፐርኖቫ 2023አይኤክስኤፍ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲህ ነበር። የጋላክሲው ደመና ከሆነች በ6,715 የናይትሮጅን፣ በ6,850 እና በ6,866 የሰልፈር ቀጫጭን መስመሮች ሊያጅቧት ይገባል። በመጨረሻው ላይ ግን አይመኩ፤ የራሳችን ከባቢ አየር ኦክስጅን እዚያው አካባቢ ብርሃን ይውጣል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቱ የሰልፈር ጎድጓዶች በተባለው ቦታ አሉ፤ የናይትሮጅኗም መስመር ደብዘዝ ብላ ትታያለች። ዕድሜውንስ ከዚሁ ስፔክትረም መገመት ይቻላል?

መልስ (ሐረር)፦
ይቻላል። ስኒድ የተባለው ፕሮግራም ዕድሜያቸው ከታወቀ ስፔክትረሞች ጋር ያወዳድርልዎታል። ሬድሺፍቱን 0.02 ላይ ቆልፈው ያስጀምሩት፤ ከዚያም የመጀመሪያውን ግጥምጥም ብቻ ሳይሆን ተከታዮቹንም ይመልከቱ፤ በዕድሜ ተቀራራቢ ከሆኑ ግምቱን ማመን ይችላሉ።