ቢአርቲ በሰፈራችን ያልፋል ተባለ፤ ከአሁኑ ምን እናዘጋጅ?

ጠያቂ፦ የመካኒሳዋ
ከዊንጌት ጀሞ ሊዘረጋ ስለታቀደው የፈጣን አውቶቡስ (ቢአርቲ) መስመር ነው የምጠይቀው። ግቢያችን ከዋናው መንገድ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው። «የፊት ሱቆቹ ይነሳሉ፣ ቀጥሎ እናንተ ናችሁ» የሚል ወሬ ሰፈሩን ሞልቶታል። አንድ ደላላ ደግሞ ሳይፈርስ ሽጡ እያለ በየበሩ ያንኳኳል። እናቴ እንቅልፍ አጥታለች። ምን ብናደርግ ይሻላል?

ቀያሹ
እህቴ፣ ደላላውን መልሱት። አውቶቡሱ የሚሄደው በመንገዱ መሐል ለብቻው በተከለለ መስመር ነው። መንገዱ ሰፊ በሆነበት ቦታ መስመሩ የሚቀነሰው ከመኪኖች ድርሻ ነው፤ ችግር የሚመጣው ጣቢያ በሚሠራበትና በመስቀለኛ መንገድ አካባቢ ነው፤ እዚያ መንገዱ ይሰፋል። ስለዚህ ጣቢያው የት እንደሚሆንና የመንገዱ ክልል ከመሐሉ ስንት ሜትር እንደሚደርስ ጠይቁ። የቃል መልስ አይበቃም። ካርታችሁን ይዛችሁ ንድፉን ወደያዘው መሥሪያ ቤት ሂዱና የይዞታችሁ ማዕዘናት በንድፉ ላይ የት እንደሚያርፉ ይታይላችሁ።

ጠበቃው
ቢነካችሁ እንኳ ባዶ እጃችሁን አትወጡም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስለ ካሳና ስለ ምትክ ይደነግጋል፤ በ2016 የወጣውን ማሻሻያም አብራችሁ አንብቡ። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚገመተው በላዩ ያለው ንብረት ነው፦ ቤቱ፣ አጥሩ፣ ዛፉ። ካርታው ላይ የሌለች ሰርቪስ ቤት ካለች ክርክር የሚነሳው በእሷ ነው። የግንባታ ፈቃዷን አሁኑኑ ፈልጉ። ቦታውን የማስለቀቂያ ትዕዛዝ ቢደርሳችሁና ቅሬታ ካላችሁ አቤቱታ የሚቀርበው በ30 ቀናት ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ይህን ጊዜ ሽማግሌ ሲልክ ያሳልፈዋል!

የቀበሌ ቤት ተከራይ
እኛስ? ካርታ የለን።

ጠበቃው
በስምዎ ያለውን የኪራይ ውልና የከፈሉባቸውን ደረሰኞች ያሰባስቡ። ውሉ በሟች አባት ስም የቀረ ከሆነ ስም ማዛወሩን ዛሬውኑ ይጀምሩ።

ዳሬሰላም የኖረው
ሁላችሁም ስለ መፍረስ ትጨነቃላችሁ። እኔ የምፈራው ለማይፈርሰው ነው። ዳሬሰላም በ2016 እ.ኤ.አ. አገልግሎት ሲጀምር እዚያ ነበርኩ፤ ጉዞው በእርግጥ ፈጥኗል። ነገር ግን መሐሉ ሲከለል ከውስጥ ለውስጥ መንገድ ወጥቶ ወደ ግራ መታጠፍ ይቀራል። ወደ ቀኝ ወጥተህ መዞሪያ እስክታገኝ መሄድ ነው። እግረኛም የሚሻገረው በተፈቀደለት ቦታ ብቻ ነው። አዲስ አበባም ከ2008 ጀምሮ በቀላል ባቡሩ አጥር ምክንያት ፊት ለፊት ያለ ሱቅ ለመድረስ ዙሪያ መሄድን ታውቀዋለች። ስለዚህ የውይይት ስብሰባ ሲጠራ መሻገሪያው ከትምህርት ቤቱና ከጤና ጣቢያው ስንት ሜትር እንደሚርቅ ጠይቁ። ድልድይ ከሆነ አሮጊት አትወጣውም፤ በመብራት የሚሻገሩበት የምድር መሻገሪያ ጠይቁ። ንድፍ ከጸደቀ በኋላ መሻገሪያ ማስጨመር ከባድ ነው።

ባለሱቁ
የዕቃ ማራገፊያም ጨምሩበት። የዱቄት መኪና የት ይቁም? እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

ቀያሹ
ከኋላ ያለው የውስጥ መንገድ ለጭነት መኪና ይበቃ እንደሆነ አስለኩ። ከበቃ ማራገፊያው እዚያ እንዲሆን በጽሑፍ አመልክቱ። የመካኒሳዋ፣ እናንተ ደግሞ የግቢውን ግድግዳ ቀን በሚያሳይ ፎቶ አንሱ፤ ቁፋሮው ሲጀመር ስንጥቅ ቢወጣ የቆየ ነው እንዳትባሉ።

የመካኒሳዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሰርቪስ ቤቷ ፈቃድ ከሟች አባቴ ሳጥን ውስጥ ተገኝቷል። ሰኞ ከጎረቤቶቼ ጋር ካርታችንን ይዘን ንድፉን ለማየት እንሄዳለን።